ዘፋኙ ከውስጥ፣ ሳክስፎኑ ከሳሎን

የእድሩ ድንኳን ሲተከል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሳስቷል። ከ18 ማዞሪያ ወደ እኛ ግቢ በሚያስገባው ቅያስ አፍ ላይ ድንኳኑን ያየ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይገባና፣ "አይ ጋሽ ሳህሌ፣ ብዙ ተሰቃዩ፣ እንኳን አረፉ" ይላል። በሩ ላይ የተቀመጡት የእድር ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ያርሙታል። "ጋሽ ሳህሌ አይደሉም። እትዬ አስካለ ናቸው።" ሰውየው ባለበት ይደርቃል። "የትኛዋ አስካለ?" ብሎ የጠየቀም አለ፣ በሰፈሩ ሌላ አስካለ እንደሌለች ልቡ እያወቀ።

አይፈረድበትም። ጋሽ ሳህሌን ስኳር አንድ እግራቸውን ወስዶባቸው፣ ዓይናቸውንም አደብዝዞባቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመታት አልፈዋል። ሰፈሩ ሲጠብቅ የኖረው እሳቸውን ነው። ሚስታቸውን ማን ይጠብቃል? በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ከደንበኛ ጋር ሲሟገቱ አይቻቸዋለሁ። ሳምንቱ ሳያልቅ ደም ግፊት ጣላቸው፣ ሆስፒታል ገቡ፣ አልተመለሱም። ስልኩ ሲደወልልኝ ክርና ዚፕ ገዝቼ አየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው "ጋሽ ሳህሌስ?" የሚል ነው። ከፊቴ የተሰለፈችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔም አፍንጫዬን በሻርፔ ጠረግሁ።

ስለ እትዬ አስካለ ላውራ ካልኩ የምጀምረው ከጠባችን ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን የጥግ ክፍል ተከራይቼ የገባሁት ርካሽ ስለሆነች ነው፣ ርካሽ የሆነችበትን ምክንያት ደግሞ ከገባሁ በኋላ አወቅሁት። ጣሪያዋ ያፈሳል። ግድግዳዋ ከባለቤቶቹ መኝታ ቤት ጋር አንድ ነው፣ ጭቃ ሆኖ በላዩ ኖራ የተቀባ፣ ሰው ሲያነጥስ "ይማርሽ" የሚያስብል ዓይነት። በዚያ ላይ አመሻሹ ላይ ቴሌቪዥናቸው ይከፈታል። ዜና አንባቢው እኔ ቤት ገብቶ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። አንድ ሰሞን ቻልኩት። ከዚያ በኋላ ግን እኔም እናቴ ዝም በይ ብላ አላሳደገችኝም፣ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"እትዬ አስካለ፣ ኪራዩ ውስጥ ዜናም አለበት እንዴ?" አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አጠር ደልደል ያሉ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። የሚሉትን ነገር ገና ሳይሉት ልክ መሆኑን ያወቁ ይመስላሉ።

"አንቺስ? ስትከራዪ ባቡር እንደምትነጂ ነግረሽኝ ነበር?" አሉኝ። የስፌት መኪናዬን ነው። አሮጌ ነች፣ ትጮኻለች፣ እውነታቸውን ነው። እኔ መልስ ሳዘጋጅ እጄን ያዙና በሳሎኑ አሳልፈው ወደ መኝታ ቤቱ አስገቡኝ። "ይኸው። ድምፁ የሚጮኸው ለሱ ነው። ቀንሱ የምትዪ ከሆነ ለሱ ንገሪው።"

ጋሽ ሳህሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። የኔው ግድግዳ ነው። እሳቸው ሳይዞሩ፣ "የስፌት መኪናዋ ልጅ ናት?" ብለው ጠየቁ። "ዛሬ የምትሰፊው ወፍራም ነው። ካፖርት ነው?"

"መጋረጃ ነው" አልኩ።

"ወፍራምነቱን አውቄያለሁ" አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቴሌቪዥኑ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ጋሽ ሳህሌ በደህናው ጊዜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከመንገድ ሲመለሱ ሳሎኑ በሰው ይሞላል፣ ይባላል፣ ወሬያቸው ለሦስት ሰፈር ይበቃል። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ግን ሳሎን ልውጣ ብለው አያውቁም። እትዬ አስካለ በጋሪ ወንበር እናውጣህ ሲሏቸው፣ "ሰው የሚመጣው ቴሌቪዥን ሊያይ ነው ወይስ እኔን ሊያይ?" ይላሉ። ኩሩ ሰው ናቸው። ሰው ደግሞ መኝታ ቤት እንዲገባባቸው አይፈልጉም። ስለዚህ እሁድ እሁድ ጎረቤቱ ሳሎን ተሰብስቦ ድራማ ሲያይ፣ ኳስ ሲያይ፣ እሳቸው ከግድግዳው ጀርባ ናቸው። ሬዲዮ ተገዝቶላቸው ነበር፣ ዘጉት። ለብቻቸው የሚያወራ ነገር ሲሰሙ ይበልጥ ብቻቸውን የሆኑ እንደሚመስላቸው ለእትዬ አስካለ ነግረዋቸዋል። እየቆየ መልስ መስጠትም ተዉ። "ቁርስ በላህ?" ሲባሉ እንኳን ጭንቅላታቸውን ብቻ ነው የሚነቀንቁት።

እትዬ አስካለ አንድ ቀን ልብስ ሊያሳጥሩ መጥተው መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። "ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ሲጠፋ አይተሽ ታውቂያለሽ ሰአዳ? ባሌ ዓይኔ እያየ እየጠፋብኝ ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጠዋለሁ፣ ምግቡን እመጥናለሁ፣ እሱን ግን ላገኘው አልቻልኩም።" አላለቀሱም። የመኪናዬን ጠረጴዛ በጣታቸው አንጓ ቆርቆር አደረጉት። ልማዳቸው ነው። ሱቃቸው ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን ስለሆነ የሚሸጡትን ዕቃ ሁሉ እየቆረቆሩ በድምፁ ያውቁታል፤ የተሰነጠቀ ሳፋ ሲቆረቆር ድምፁ ሌላ ነው። ልማዱ ከሱቅ አልፎ በር፣ ጠረጴዛ፣ አንዳንዴም የሰው ጭንቅላት ላይ ደርሷል።

"እኛ ስንስቅ እሱም እንዲስቅ ነው የምፈልገው" አሉ። "ቆይቶ ሳይሆን፣ እኔ ገብቼ ሳልነግረው፣ እኩል።" ከዚያ እጃቸውን አራገፉ። "በቃ፣ ተወሰነ።"

ተወሰነ ካሉ ተወስኗል። ነጋዴዎቹ ጋ የሚጥሉት እቁብ ደርሷቸው ነበር። ያ ገንዘብ ለጣሪያው ነበር የታሰበው፣ ጣሪያው ደግሞ የሚያፈሰው በማን ላይ እንደሆነ ተናግሬያለሁ። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። "ነይ ሱቅ፣ ባልዲ እሰጥሻለሁ። ደህናውን ነው የምሰጥሽ።" ባልዲውን ሰጡኝ፣ ደህና ባልዲ ነው፣ እስካሁን አለኝ።

አየር ጤና ስንሄድ ይዘውኝ የሄዱት ጆሮ አለሽ ብለው ነው። "ለክስ የመጣሽው በጆሮሽ አይደል?" አሉኝ። ስፒከር የሚሸጠው ሙኒር የሚባል ልጅ እግር ሰው ነው፣ ረጋ ያለ፣ ደንበኛ ሲገባ ሙዚቃውን የሚቀንስ። በእቁቡ ብር ከሁለት አንዱን መግዛት ይቻል ነበር። አንደኛው ሁለት የእንጨት ስፒከር ነው፣ ከፍታቸው ጉልበት የሚደርስ። ሌላኛው አምስት ትንንሽ ስፒከር ከአንድ የቤዝ ሳጥን ጋር።

"ማዘር፣ ይሄኛው ስቴሪዮ ነው" አለ ሙኒር። "ሁለት ነው፣ ግን ድምፁ ንጹህ ነው። ያኛው ሰራውንድ ነው። ሦስቱን ከፊት፣ ሁለቱን ከሶፋው ኋላ ያደርጓቸዋል። ፊልም ሲያዩ ዝናቡ ከኋላዎ ይዘንባል።"

"ዝናቡ ሰአዳ ቤት ይበቃል" አሉ እትዬ አስካለ። ትልቁን ስፒከር ቆረቆሩት። ትንሹንም ቆረቆሩት፣ አነሱት፣ በእጃቸው መዘኑት። "ይሄ ባዶ ነው።"

"አይደል? እኔም የምመክርዎት ስቴሪዮውን ነው። በዚህ ዋጋ አምስት ጥሩ ስፒከር አይመጣም፣ ሁለት ጥሩ ግን ይመጣል። ቤቱ ምን ያህላል? የት የት ሊያስቀምጧቸው ነው?"

እትዬ አስካለ መልስ አልሰጡም። እኔ ልመልስ ስል በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ይሄ የነጋዴ ሕጋቸው ነው፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ሲያወርዱልኝ ሰምቼዋለሁ። ለሻጭ ለምን እንደፈለግሽው አትንገሪ፣ ችግርሽን ካወቀ ዋጋው ላይ ይደምርብሻል። እሳቸው ራሳቸው አንድ ሰው "ውሃ ጠፍቶብኝ ነው" ብሎ ጀሪካን ሊገዛ ሲመጣ ዋጋው ከፍ እንደሚልበት ያውቃሉ። በልባቸው ደግሞ አስልተዋል። ሁለት ስፒከር ከሚሆን አምስት ለሁሉም ይዳረሳል። ሦስቱ ለሳሎን፣ ሁለቱ ለሳህሌ።

"አምስቱን አምጣው" አሉ። "በቃ፣ ተወሰነ።"

ሙኒር ትከሻውን ነቀነቀ፣ ዋጋውን ተከራከሩ፣ አሸከምን፣ ወጣን። በታክሲ ውስጥ እንደ ንግሥት ነበር የተቀመጡት።

ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች መኝታ ቤት ውስጥ ከጋሽ ሳህሌ ራስጌ በላይ ተሰቀሉ። እሁድ ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ድራማው ተከፈተ። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አስካለ ድራማው መሃል ላይ ከሚቀመጡባት ዱካ ተነስተው ወደ ውስጥ ጮኹ። "ሳህሌ! ይሰማል?"

"ይሰማል" አሉ ጋሽ ሳህሌ።

እትዬ አስካለ ዱካቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ያን ዕለት ከሳቸው በላይ የተደሰተ ሰው አልነበረም፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ለስላሳ አስከፈቱ።

እኔ ግን ቤቴ ሆኜ ስሰፋ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ቴሌቪዥኑ ቀንሷል፣ ደስ ብሎኛል። በግድግዳው በኩል ከጋሽ ሳህሌ ክፍል የሚመጣልኝ ድምፅ ግን ጤነኛ አልመሰለኝም። ጭብጨባ ይሰማል። ዝም ይላል። የመኪና ጥሩምባ፣ ዝናብ። ደግሞ ጭብጨባ። የሚናገር ሰው የለም። ምን ዓይነት ፕሮግራም ነው ብዬ አንድ እሁድ ያጠበብኩትን የጋሽ ሳህሌን ፒጃማ ይዤ ገባሁ። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል፣ ሰላም ብዬ አልፌ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከራሳችን በላይ ያጨበጭባሉ።

"ጋሽ ሳህሌ፣ ምንድን ነው የሚሉት?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ያጨበጭባሉ። ምን አግኝተው እንደሚያጨበጭቡ ግን አልነገሩኝም።"

"ለእትዬ ለምን አልነገሯቸውም?"

ጋሽ ሳህሌ ብርድ ልብሳቸውን ሳቡ። "ጣሪያዋን ትታ ነው ያመጣችው" አሉ።

አንጀቴን በሉት። እኔ ግን አንጀቴ ሲበላ አፌ አይዘጋም። ሰው እስኪበተን ጠብቄ እትዬ አስካለን ወጥ ቤት አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። "እርስዎ የገዙላቸው ጭብጨባ ነው" አልኳቸው። ሰሃኑን አስቀመጡ። ገብተው ከጋሽ ሳህሌ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና እኔን ሳሎን ሄጄ ቴሌቪዥኑን እንድከፍት አዘዙኝ። የሆነ ውይይት ነበር፣ አራት ሰው ተቀምጦ ያወራል። ሳሎን ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። መኝታ ቤት ውስጥ አንዲት ቃል አልገባችም። ውይይቱ ሲያልቅ ተመልካቹ አጨበጨበ፣ ያቺ ብቻ ገባች።

እትዬ አስካለ ሲወጡ ፊታቸው ያው ነው፣ ጆሯቸው ግን ቀልቷል። "ንቀዪው" አሉኝ።

አየር ጤና ያለው የሙኒር ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። እትዬ አስካለ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ወደ ጽሑፉ አመለከቱ። "እኔም ሱቅ ይሄው ነው የተጻፈው። መልስልኝ ልልህ አልመጣሁም። ቤቴ መጥተህ ስማልኝ ልልህ ነው የመጣሁት።"

"ተበላሽቷል ማዘር?"

"መጥተህ ስማ አልኩህ።"

እምቢ ማለት ይችል ነበር። እትዬ አስካለን ግን እምቢ ማለት ቀላል አይደለም፣ አይቆጡም፣ አይለምኑም፣ ካርቶኑን ይዘው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሱቅህ እስኪዘጋ ይጠብቁሃል። ከምሳ በኋላ ሙኒር ወንድሙን ሱቅ አስቀምጦ አብሮን መጣ። ስፒከሮቹን በየቦታቸው መለሰ። መኝታ ቤት ሲገባ ጋሽ ሳህሌን አየ፣ ራስጌያቸው ያሉትን ሁለቱን ስፒከሮች አየ።

"ቆመህ አይሰማም" አሉት ጋሽ ሳህሌ። ፈቀቅ አሉለት። "ና ተጋደም።"

ሙኒር ጫማውን አወለቀና ከጋሽ ሳህሌ ጎን ተጋደመ። ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ሳሎን ሆኜ ከፈትኩ። ሙኒር ብዙ አልቆየም።

"ማዘር፣ እነዚህ የኋላ ናቸው። የኋላዎቹ ንግግር አያወጡም። ንግግሩ ሳሎን ባለው በመሃለኛው ነው የሚወጣው። እነዚህ አጀቡን፣ ጭብጨባውንና ዝናቡን፣ ብቻ ነው የሚያመጡት።" ቀና ብሎ ተቀመጠ። "እዚህ በሽተኛ እንዳለ ለምን አልነገሩኝም?"

"ነጋዴ አይደለሁ? ለነጋዴ ችግሬን አልናገርም።"

"ቢነግሩኝ ሁለቱን እሰጥዎት ነበር።"

"ብነግርህ ዋጋ ትጨምር ነበር።"

ሙኒር አሰብ አደረገ። "እሱም አለ" አለ።

ያኔ ነው ጋሽ ሳህሌ የሳቁት። አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እኔ እዚያ ግቢ ከገባሁ ሳቃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ ደግሞም ወፍራም ሳቅ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ሳቅ። እትዬ አስካለ በሩን ይዘው ቆመው አዩአቸው። ከዚያ ወደ ሙኒር ዞረው፣ "ጥፋቱ የኔ ነው። ጭብጨባውን የሚሰማው ግን እሱ ነው። እንግዲህ አንተ እወቅ" አሉት።

እንዴት እንደተስማሙ ሁለቱ ነጋዴዎች ያውቃሉ፣ እኔን ከክፍሉ አስወጥተውኛል። በማግስቱ ሙኒር ሁለቱን የእንጨት ስፒከሮች ይዞ መጣ። እትዬ አስካለ አንዱን ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጡት። ሁለተኛውን ጋሽ ሳህሌ ክፍል አስገቡና ሽቦውን በግድግዳው በኩል አሾልክልኝ አሉት።

ሙኒር ራሱን ያዘ። "ማዘር፣ ስቴሪዮ እንዲህ አይደለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። መሃል ላይ ተቀምጠው ነው የሚያዳምጡት።"

"ጎን ለጎን ነበርን እኛም" አሉት። "አሁን መሃላችን ግድግዳ አለ። ንግግር በሁለቱም ይመጣል ወይስ አይመጣም?"

"ንግግሩማ እኩል ነው የሚመጣው። ዘፈን ላይ ግን ሊከፋፈልብዎ ይችላል፣ በተለይ የድሮ ዘፈን ከሆነ።"

"ዘፈኑን ለኔ ተወው። በቃ፣ ተወሰነ።"

ተሳስተዋል ያላለ ሰው የለም፣ የሰፈሩ ወጣቶች ሲያዩት ስቀዋል። አንድ ስፒከር ቴሌቪዥን አጠገብ፣ አንዱ ከበሽተኛ አልጋ ስር፣ ይሄ ምን ስቴሪዮ ነው? እሳቸው ግን ስቴሪዮ ሊሰሙ አልገዙትም። በመጪው እሁድ ድራማው ላይ አንድ ባል ለሚስቱ ሲዋሽ ከመኝታ ቤቱ ድምፅ መጣ። "ይሄ ሰውዬ ይዋሻል! ድምፁን ስሙት እንጂ!" ከዚያ ከጎረቤቶቹ አንዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ "ጋሽ ሳህሌ፣ እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት" አለ። በዚያው ተጀመረ። ኳስ ሲሆን ይብሳል። በዓይናቸው ያላዩትን ፍጹም ቅጣት ምት ከዓይናማው ጋር ይከራከሩበታል፣ የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋሉ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ለመከራከር ሲሉ ትራስ አስደረቡ። ፊታቸው ከግድግዳው ወደ በሩ ዞረ። የሚያዩት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን ወደ ሰው ነው የዞሩት። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ "ጋሽ ሳህሌ እንደምን ዋሉ" ብሎ በግድግዳው በኩል ይጮኻል፣ "ማነህ?" ይባላል፣ ስሙን ተናግሮ ይቀመጣል። ሳሎኑ እንደገና የሳቸው ሆነ።

ዘፈኑ የመጣው በኋላ ነው። ጋሽ ሳህሌ በሹፌርነታቸው ዘመን ያጠራቀሟቸው ካሴቶች ነበሩ፣ አንድ ሰው በፍላሽ ገለበጠላቸው። እትዬ አስካለ ሰክተው ከፈቱ። እኔ ቤቴ እየሰፋሁ ነው። ሳሎን ውስጥ ሳክስፎን፣ ከበሮ፣ ጊታር ይሰማል። እዚያ ሳሎን መዝፈን የሚጀምር ሰው ግን ጠፋ። እትዬ አስካለ ትንሽ ጠበቁ።

"ሳህሌ! ዘፋኙን ምን አደረግኸው?"

"እኔ ጋ ነው!" አሉ ከውስጥ። "ሳክስፎኑስ የት ሄደ? ይሄ ሰውዬ ያለ ምንም ነው የሚዘፍነው!"

"እኔ ጋ ነው!"

ከዚያ ጋሽ ሳህሌ ከዘፋኙ ጋር እየጮኹ መዝፈን ጀመሩ፣ ሳሎን እንዲሰማ። እትዬ አስካለ ደግሞ ሳክስፎኑን በአፋቸው "ቱ ቱ ሩሩሩ" እያሉ መለሱላቸው። ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ የሱቅ ድምፅ ነው፣ ሳፋ ሲሸጥ የኖረ። የጋሽ ሳህሌም ከሳቸው አይሻልም። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። በግድግዳው በኩል የባልየውን ድምፅ፣ ከሳሎኑ በኩል የሚስትየዋን እሰማለሁ፣ ዘፈኑን ሙሉውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀናሁ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ አንድ እግር የሌለው ባል ባላት ሴት ቀናሁ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከራት በፊት አንድ ዘፈን ሆነ። ሙኒር አንዴ ሊጠይቅ መጥቶ አዳመጣቸውና ሁለቱን ስፒከሮች አንድ ላይ ላድርግላችሁ ማለቱን በዚያው ተወ። ጣሪያዬንም በቀጣዩ እቁብ አሠሩልኝ። "ባልዲዬን መልሺ" አሉኝ። አልመለስኩም።

እንግዲህ የሞቱት እኚህ ሴት ናቸው። ለቅሶው ተበተነ፣ ድንኳኑ ተነሳ፣ ዘመድ ወደየቤቱ ሄደ፣ ጋሽ ሳህሌን የምትንከባከብ የእህታቸው ልጅ ቀረች። ቴሌቪዥኑ እስከ አርባው ተሸፍኖ ከረመ። አርባው ካለፈ በኋላም አልተከፈተም። እኔ በግድግዳዬ በኩል አደምጣለሁ። ምንም የለም። ሳል የለም፣ ቃል የለም። አንድ ቀን ገብቼ አየኋቸው፣ ፊታቸው እንደገና ወደ ግድግዳው ዞሯል። ያጠበብኩላቸውን ልብስ አስቀምጬ ወጣሁ፣ ወጥቼ ሙኒር ጋ ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ እኔም አላውቅም፣ ሌላ የምደውልለት አልመጣልኝም።

ሙኒር መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "ጋሽ ሳህሌ፣ ሳሎን ያለውን ስፒከር ወደዚህ ላስገባልዎት። ሁለቱን ጎን ለጎን አደርጋቸዋለሁ። ዘፈኑን ሙሉውን ይሰማሉ" አላቸው።

"ተወው" አሉ ሳይዞሩ።

"በጣም ጥሩ ስፒከሮች ናቸው እኮ። አንድም ቀን አብረው አልተሰሙም።"

"ሙሉውን አልፈልግም ልጄ። ግማሹ የሷ ነው። ሳሎን ይሁን።"

ሙኒር አንገቱን ደፋ። ብዙ ቆይተው ጋሽ ሳህሌ፣ "ክፈተው እስቲ" አሉ። የእህታቸው ልጅ ከበሩ ላይ፣ "አጎቴ፣ ዓመት ሳይሞላ ዘፈን? ሰው ምን ይላል?" አለች። "አስካለ ምን ትል ነበር በይ" አሏት።

እኔ ሳሎን ወጥቼ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ጨርቅ አነሳሁ። ፍላሹ እንደተሰካ ነው። ከፈትኩ። ሳክስፎኑ ጀመረ፣ ከበሮው ተከተለ። የእትዬ አስካለ ዱካ ባዶውን አለ፣ ቁጭ አልኩበት። ከውስጥ ዘፋኙ ሲጀምር በሩቁ ሰማሁት። ጋሽ ሳህሌ ግን አልዘፈኑም። አንዱ ግጥም አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ሙኒር በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ቀጠን ያለ፣ የሳቸው የማይመስል ድምፅ ከመኝታ ቤቱ መጣ።

"ሳክስፎኑ የት አለ?"

የሚመልሰው ሰው የለም። እንባዬ መጥቶ ነበር፣ ግን እትዬ አስካለ እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጠው አልቅሰው አያውቁም። ስፒከሩን በጣቴ አንጓ ቆርቆር አደረግሁት።

"እኔ ጋ ነው ጋሽ ሳህሌ!" አልኩና "ቱ ቱ ሩሩሩ" ማለት ጀመርኩ። ድምፄ አስቀያሚ ነው፣ መዝፈን የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም፣ ስለዚህ ባለኝ ጉልበት ጮኽኩት።

ዘፋኙ ብቻውን ትንሽ ሄደ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ሰው ሲዞር እንደሚንቋቋው።

"ሰአዳ" አሉ ጋሽ ሳህሌ፣ "ትንሽ ቀንሺ እንጂ። አስካለ እንኳን እንዲህ አትጮኽም ነበር።"

ቀነስኩ። እሳቸውም ከዘፋኙ ጋር ገቡ።